የተሰነጠቀችው መርከብና የመማር ሒሳብ

ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 ምሽት፣ በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ፣ ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደብ ላይ እንደታሰረች ወገቧ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀች። ማዕበል አልነበረም፤ የጠላት ቶርፔዶም አልነካትም። የባሕር ላይ ሙከራዋን ፈጽማ የተመለሰችው ከጥቂት ጊዜ በፊት ነበር። የስንጥቁ ድምፅ ከአንድ ማይል ርቀት ተሰማ፤ የታችኛው የብረት ሽፋን ብቻ ሁለቱን ግማሾች አያይዞ አስቀራቸው።

በዚያው ወቅት፣ በአሜሪካ፣ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ከዚያ በኋላ ደጋግመው የሚጠቅሱት ሌላ ታሪክ ይጻፍ ነበር። ሊበርቲ የተባሉት የጭነት መርከቦች ከ1941 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ከ2,700 በላይ ተሠርተዋል። የመጀመሪያዋ ፓትሪክ ሄንሪ ተሠርታ እስክታልቅ 244 ቀናት ፈጅታለች፤ በኋላ አማካዩ ወደ 42 ቀናት ገደማ ወረደ። ሮበርት ፒሪ የተባለችው ደግሞ በኖቬምበር 1942 ግንባታዋ በተጀመረ በአምስተኛው ቀን ውኃ ላይ ወረደች። ይህችኛዋ ክፍሎቿ አስቀድመው ተሰናድተው የቆዩ፣ ለማስታወቂያ የተሠራች መርከብ ስለነበረች ለመለኪያነት አትበቃም። የአማካዩ መውረድ ግን እውነት ነበር።

ለዚህ ፍጥነት ትልቁ ምክንያት ብየዳ ነው። ከዚያ በፊት የመርከብ ሰሌዳዎች የሚጋጠሙት ሪቬት በሚባል የብረት ችንካር ነበር። ችንካሩን የሚያግል፣ የሚያቀብል፣ ከኋላ የሚደግፍና የሚመታ ቡድን ያስፈልጋል፤ ሥራውን ለመልመድም ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። በያጅ ግን ብቻውን ይሠራል። ከዚህም በላይ የመርከቧ አካል በትልልቅ ክፍሎች ተከፋፍሎ መሬት ላይ ሲሠራ ክሬን ክፍሉን ገልብጦ ያመቻችለታል፤ በያጁ ሁልጊዜ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንዲሠራ ማለት ነው። ከራስ በላይ አንጋጦ መበየድ ዓመታት የሚጠይቅ ጥበብ ሲሆን ጎንበስ ብሎ መበየድ ግን በሳምንታት ይለመዳል። ከእርሻና ከጓዳ የመጡ ሴቶችና ከደቡብ ግዛቶች የተሰደዱ ጥቁር ሠራተኞች በአጭር ሥልጠና ወደ ሥራው ሊገቡ የቻሉት በዚህ የተነሳ ነው።

በ1965 ሌናርድ ራፒንግ እነዚህን መርከቦች መረጃ አድርጎ ሠራተኞች እየሠሩ በመማራቸው ብቻ ምርታማነት ምን ያህል እንደሚያድግ ለካ። በ1993 ሮበርት ሉካስ ስለ እስያ አገሮች ፈጣን ዕድገት ሲጽፍ ያንኑ ታሪክ መነሻ አደረገው። ለድሃ አገሮች መልእክቱ የሚያጓጓ ነበር፦ ጀምሩ እንጂ መማሩ ራሱ ይመጣል። በ2001 ግን ፒተር ቶምፕሰን ወደ ማኅደሮቹ ተመለሰ። ያገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለመርከብ መሥሪያዎቹ የፈሰሰው የመሣሪያ ካፒታል ከተገመተው እጅግ የበለጠ ነበር። ሁለተኛ፣ የፍጥነቱ ከፊል የተገዛው በጥራት ነው፤ የስንጥቅ አደጋዎች መዝገብ ይህንን ያሳያል። የሰው ሰዓት ብቻ የሚቆጥር የምርታማነት መለኪያ፣ ውቅያኖስ መካከል ስለሚከፈለው ዋጋ ምንም አይናገርም። ጆን ጌይንስ የተባለችው ሊበርቲ በኖቬምበር 1943 ለሁለት ተሰብራ 10 ሰዎች ሞተዋል።

ጥፋቱ መጀመሪያ የተጫነው በያጆቹ ላይ ነበር። የችኮላ ብየዳ በእርግጥ ነበር፤ ሆኖም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮንስታንስ ቲፐር ባደረገችው ጥናት ዋናው ችግር ብረቱ ራሱ መሆኑ ታየ። ያ ዓይነቱ ብረት ከተወሰነ ሙቀት በታች መለጠጡን ትቶ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በላዩ ላይ የጭነት መክፈቻዎቹ ማዕዘኖች ሹል ስለነበሩ ጫና ያጠራቅሙ ነበር። በሪቬት በተሠራ መርከብ ስንጥቁ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ በተበየደ መርከብ ግን መላው አካል አንድ ሰሌዳ ነውና የሚያቆመው የለም። መፍትሔው ማዕዘኖቹን ማጎበጥና ስንጥቅ የሚያቆሙ የብረት ቀበቶዎችን መጨመር ሆነ፤ ቀበቶዎቹን ለማሰርም ሰዎች ተመልሰው ወደ ሪቬት ሄዱ።

ዛሬ ብረትን በሮቦት ንብርብር በንብርብር የመገንባት ቴክኖሎጂ እንደ አዲስ ተአምር ሲነገርለት ይህ ታሪክ ይዘነጋል። ሐሳቡ ራሱ አሮጌ ነው። ራልፍ ቤከር በኤሌክትሪክ ቅስት ብረት እያቀለጠ ጌጠኛ ዕቃ የሚገነባበትን ዘዴ ያስመዘገበው በ1925 ነው። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የጎደለው፣ እያንዳንዱ ንብርብር ምን እንደደረሰበት ማወቅ ነበር። የአሁኑ ዲጂታል ብየዳ የኤሌክትሪኩን መጠን፣ የሽቦውን ፍጥነትና የብረቱን ሙቀት እየተከታተለ ይመዘግባል። በያጁ በጆሮውና በዓይኑ ያውቀው የነበረው ነገር ፋይል ሆኗል።

በ2017 ሮተርዳም ውስጥ ከነሐስ ቅይጥ በዚህ መንገድ የተሠራው የመርከብ ፕሮፔለር 298 ንብርብሮችና 400 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነበረው። ዜና ያደረገው መጠኑ ሳይሆን ቢሮ ቬሪታስ የተባለው የመርከብ ደረጃ መርማሪ ድርጅት ማረጋገጫ መስጠቱ ነው። በ2021 አምስተርዳም ውስጥ የተከፈተው 12 ሜትር ያህል የሚረዝም የማይዝግ ብረት ድልድይም እንዲሁ ነው። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች የዚህ ዓይነቱ ብረት ጥንካሬ እንደ ንብርብሩ አቅጣጫ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ ድልድዩም በዳሳሽ መሣሪያዎች ተሞልቶ ነበር የቆመው።

ዘላቂነት የሚለው ቃልም ጠንቀቅ ብሎ መያዝ አለበት። ከጠጣር ታይታኒየም ተቀርጾ በሚወጣ የአውሮፕላን ክፍል፣ ከተገዛው ብረት አብዛኛው ፍርፋሪ ሆኖ ይቀራል፤ እዚህ ላይ ንብርብር በንብርብር መገንባት እውነተኛ ቁጠባ ነው። በአንጻሩ ርካሽና ቀላል ቅርጽ ላለው የብረት ዕቃ የሚባክነው ኤሌክትሪክና ጋዝ ከሚተርፈው ብረት ሊበልጥ ይችላል።

በ2017 የኖርዌዩ ኖርስክ ታይታኒየም በፕላዝማ ቅስት የሚሠራቸው ክፍሎች በቦይንግ 787 ላይ እንዲውሉ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ፈቀደ። ይህን አውሮፕላን በአፍሪካ መጀመሪያ የተረከበው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ አዲስ አበባም ከአህጉሩ ትልልቅ የጥገና ማዕከላት አንዱ አላት። ሮቦቱንና ሽቦውን መግዛት ለእንዲህ ዓይነት ማዕከል የማይደረስበት ነገር አይደለም። ነገር ግን በቦሌ ሃንጋር ውስጥ የተገነባ መለዋወጫ፣ የንድፉና የሒደቱ መረጃ ከባለመብቱ ካልተገኘ፣ የናሙና መሰባበሪያና የራጅ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ካላለፈና ተቆጣጣሪው ካልፈረመበት፣ ቅርጹ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን አውሮፕላን ላይ አይገጠምም። በአዲስ አበባ የሚጎድለውም ችቦ የሚይዝ እጅ አይደለም፤ በያጅ በየሰፈሩ አለ። የሥራው መዝገብ የተከማቸው ግን የንድፍና የማረጋገጫ መብቱን በያዙት ኩባንያዎች ቋት ውስጥ ነው። ለሊበርቲ በያጆች ልምዱ በእጃቸው ስለነበር ጦርነቱ ሲያበቃ ይዘውት ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ይችሉ ነበር። በዲጂታል ብየዳ ልምዱ የሚቀረው የመረጃው ባለቤት ዘንድ ነው፤ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር የሚደረጉ ድርድሮች ግን አሁንም በአብዛኛው የሚቆጥሩት ማሽን ነው።