ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ፤ ታሪኩና የትምህርት መጽሐፋችን

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ የሳይንስ መምህር ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስተምር ቁራጭ ሽቦ ያነሣና መዳቡን «አስተላላፊ»፣ ፕላስቲክ ሽፋኑን «የማያስተላልፍ» ብሎ ይለያል። ልጆች የተላጠ ሽቦ እንዳይነኩ ስለሚያስጠነቅቅ አከፋፈሉ ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም «ፕላስቲክ ሁሉ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ በማሠልጠኛ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ አሳልፎታል። አንድ የቡሬ ገጠር ተወላጅ የሆነ እጩ መምህር «ሁሉም ነውን?» ብሎ ሲጠይቅም «አዎን፣ ሁሉም» የሚል መልስ ሰጥቶታል።

መልሱ ስሕተት ነበር። የነገሩ ታሪክም የሚጀምረው ከሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶኪዮ ውስጥ በሂዴኪ ሺራካዋ ቤተ ሙከራ ፖሊአሴቲሊን ሲዘጋጅ፣ ካታሊስቱ ባለመግባባት ከሚገባው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል በዝቶ ተጨመረ፤ በጥቁር ዱቄት ፈንታም እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ተገኘ። ሺራካዋ በ1977 ከአላን ማክዳያርሚድና ከአላን ሂገር ጋር ሆኖ ይህንኑ ሽፋን በአዮዲን እንፋሎት ቢያጥነው የማስተላለፍ ኃይሉ በሚሊዮን የሚቆጠር እጥፍ ጨመረ። ሦስቱም በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ ነጠላና ድርብ ቦንዶች ይፈራረቃሉ፤ አዮዲን ኤሌክትሮን ሲወስድ ክፍት ስፍራ ይቀራል። በአንድ አግዳሚ ወንበር ተጣበው ከተቀመጡ ተማሪዎች አንዱ ሲነሣ የቀሩት ፈቀቅ እንደሚሉ ሁሉ፣ ኤሌክትሮኖቹም ይንቀሳቀሳሉ። ከዚህ ወገን የሆኑ ፖሊመሮች ቀላልና ተጣጣፊ ከመሆናቸውም በላይ እንደ ቀለም ሊታተሙ ስለሚችሉ፣ ለሚታጠፉ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ተፈላጊ ሆነዋል።

በአገራችንም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ተከተል ዮሐንስና ቴዎድሮስ ሰሎሞን ከስዊድናዊው ኦሌ ኢንጋኔስ ጋር፣ እንዲህ ባለ ፖሊመር የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ስለ መለወጥ ያደረጉትን ጥናት በ1996 አሳትመዋል። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሽመልስ አድማሴም ከኢንጋኔስ ጋር ሆኖ ሊግኒንን ከፖሊፒሮል ጋር በማዋሐድ ኤሌክትሪክ የሚያከማች የባትሪ ክፍል አጥንቷል። ሊግኒን እንጨትን የሚያጠነክር ነገር ነው፤ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ለከብቱና ለማገዶው በሚከምረው የበቆሎ አገዳ ውስጥም ይገኛል። (ባትሪ ከአገዳ ተሠራ ማለት ግን አይደለም፤ መምህሩ አጋንኖ እንዳይናገር።)

መጽሐፉን ለማረም ቤተ ሙከራ መሥራት አያሻም፤ «ሁሉ» ወጥቶ «የተለመዱት» ይግባ፤ የሽቦው ማስጠንቀቂያ እንዳለ ይቆይ። ያ እጩ መምህር ግን ዛሬ ከቡሬ ራቅ ባለ ቀበሌ ያስተምራል፤ መልሱም ገና አልታረመለትም።