ቆሎ ወይስ ቀሚስ? የቤተ ልሔም ተማሪ መጠሪያ

ግንቦት 11 ቀን የቅዱስ ያሬድ መታሰቢያ ሲደርስ በደቡብ ጎንደር ጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም አብራ ትነሣለች፤ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ድርሰት የሚባለውን ድጓ፣ ማለትም የዓመቱን በዓላት ተከትሎ የሚዜመውን መጽሐፍ፣ የተማሩ ሁሉ ዕውቀታቸውን የሚያስመሰክሩባት ጉባኤ ቤት ናትና። ድጓው ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ተርፎ የተገኘው በዚህችው ደብር እንደሆነ ትውፊት ያስረዳል። በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሸሸገውን ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ሕንጻም ታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለውጭው ዓለም አስተዋውቆታል። ሕንጻው እንዲህ ቢታወቅም የተማሪው መጠሪያ ግን ዛሬም ያከራክራል።

«የቆሎ ተማሪ» የሚለውን ስም አንዳንዶች ከጥንት መነኮሳት አጭር ቀሚስ የግሪክኛ ስም ጋር ሲያዛምዱት፣ ሌሎች «ቆላ» ከሚለው ግስ ወጥቶ የተቆላ እህል የሚል ትርጉም እንዳለው ይናገራሉ። ለፊተኛው ወገን የሚያግዘው፣ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያለ የሚለምነው በአብዛኛው ቁራሽ እንጀራ እንጂ ቆሎ አለመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው የሚለብሰውን የበግ ለምድ ደበሎ ይለዋል እንጂ ቆሎ አይለውም፤ ደግሞም ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነሥቶ ጋይንት እስኪደርስ ቀናት በእግሩ ለሚጓዝ ሰው እንጀራ ሲሻግት ቆሎ ግን ሳይበላሽ ይሰነብታል።

ይህ ቆሎ ሲዘጋጅ ገብሱ በሙቀጫ ተፈትጎ ገለባው ከለቀቀ በኋላ በሰፌድ ይበጠራል፤ ከዚያም በጋለ ምጣድ ላይ ሳያርር እየተማሰለ ይቆላል፤ እየተንጣጣ ቡናማ መልክ ሲይዝ ይወርድና ከሽምብራ ወይም ከሱፍ ጋር ይደባለቃል። ቅቤ ስለማይገባበት ለጾም ይስማማል፤ የገብሱ አሰር ረሃብን ሲያስታግስ፣ ሽምብራው ገብስ የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል ይሞላል። ስንዴም፣ አተርም፣ ባቄላም እንደየአገሩ ይቆላል።

አዲስ አበቤም ዛሬ ቆሎውን በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ይገዛል። ለተማሪው የመንገድ ስንቅ የነበረው ይኸው እህል አሁን ከብስኩት የሚሻል ጤናማ መክሰስ ተብሎ ይመከራል።