ቀንሶ መስማት

ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ መራዊ አጠገብ ባለው የቆጋ መስኖ ሽንኩርት ሲደርስ ደላላው ማሳ ድረስ ይመጣል። «አያ፣ ባሕር ዳር ሽንኩርት ሞልቶ ዋጋው ወድቋል፤ ዛሬ ካልሸጡልኝ ነገ ከዚህም ይወርዳል» ይላል። ገበሬው ዋሾ ብሎ ቢያባርረው አያዋጣውም፤ ዋጋው እውነትም ወርዶ ይሆናል። እንዳለ ቢቀበለውም ይከስራል፤ ወሬውን ያመጣው ሰው በርካሽ ሲገዛ የሚያተርፍ ነው። አስተዋይ ገበሬ ሽንኩርቱን ከመንቀሉ በፊት ከተማ ላለ ዘመዱ ይደውላል፣ ትናንት የሸጠ ጎረቤቱን በስንት እንደሸጠ ይጠይቃል።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ወሬ «ከጨው ቅንጣት ጋር ውሰደው» ይላሉ። ቃል በቃል ሲመለስ አማርኛ ሰሚ ግራ ይጋባል። እኛ ዘንድ ጨው ማጣፈጫ ነው፤ አሞሌ ሆኖም ለዘመናት ተገበያይተንበታል፤ ከጥርጣሬ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም። «በጥርጣሬ ማየት» የሚለውም ይከብዳል፤ ተናጋሪውን እንደ መክሰስ ነው። እኔ «ቀንሶ መስማት» ቢባል እመርጣለሁ፤ ከወሬው ላይ የተናጋሪውን ጥቅምና ማጋነን ቀንሶ የተረፈውን መያዝ ማለት ነው።

የእንግሊዝኛው አባባል ብዙ ጊዜ የሚያያዘው እ.ኤ.አ. በ79 ከሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ከፕሊኒ ጋር ነው። ፕሊኒ የጰንጦስ ንጉሥ ሚትሪዳጥስ ከመርዝ ይጠበቅበት የነበረውን መድኃኒት ሲዘረዝር ሁለት ደረቅ ዋልነት፣ ሁለት በለስና 20 የጤና አዳም ቅጠል አንድ ላይ ተወቅጦ የጨው ቅንጣት ይጨመርበታል ይላል። እሱ ጨው ያለው ጨው ለማለት ነበር፤ የጥርጣሬው ትርጉም ኋላ የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገብቶ ይገኛል።

ቀንሶ መስማት ለሪፖርትም ይሠራል። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል ያለማል ሲባል ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የንድፉ አቅም ነው። በአንድ በጋ በእርግጥ የሚጠጣው መሬት ግን ግድቡ በያዘው ውሃ፣ በቦዮቹ ደኅንነትና ገበሬዎች ተራቸውን በመጠበቃቸው ይወሰናል። ስለዚህ ሰሚው «ዘንድሮስ ስንት ሄክታር ጠጣ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ይቀርባል፤ ግን የሚገሥጸው አውሪውን ነው። አዲሱ አባባል የሚመክረው ሰሚውን ነው፤ ለእኩያ «ቀንሰህ ስማው»፣ ለታላቅ «ቀንሰው ይስሙት» ይባላል። ነገሩ ውሸት መሆኑ ከታወቀ ግን አይሠራም፤ ያኔ ውሸት ነው ማለት ይበቃል።