ከኤዲሰን የጥያቄ ወረቀት እስከ ዛሬው ቃለ መጠይቅ

አንድ የብረት ምሰሶ ሕንፃ ከመሸከሙ በፊት ጥንካሬው በመሣሪያ ይለካል። ምሰሶውን የሚያሰላው መሐንዲስ ግን ሥራ ሲጠይቅ በምን ይመዘን? ይህ ጥያቄ ባለፈው መቶ ዓመት ብዙ አሠሪዎችንና ሊቃውንትን አከራክሯል።

አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን ወደ ድርጅቱ ለመግባት የሚያመለክቱ የኮሌጅ ምሩቃንን የሚፈትነው አንድ መቶ ሃምሳ ያህል ጥያቄዎችን በያዘ ወረቀት ነበር። ፈረንሳይን የሚያዋስኑት አገሮች እነማን ናቸው፣ የቮልጋ ወንዝ የት ይገኛል፣ ቆዳ እንዴት ይለፋል የሚሉት ከነዚሁ መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ጥያቄዎቹ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በወጡ ጊዜ አገሩ በክርክር ተሞላ። አብዛኞቹ ተፈታኞች ወድቀው ስለነበር ኤዲሰን የኮሌጅ ትምህርትን ነቀፈ። በዚያው ዓመት አሜሪካን ይጎበኝ የነበረው አልበርት አይንስታይን ግን የድምፅ ፍጥነት ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ በመጽሐፍ በቀላሉ የሚገኘውን ነገር በአእምሮው ተሸክሞ እንደማይዞር መለሰ። የትምህርት ዋጋ አእምሮን ማሠልጠን ነው የሚል እምነት ነበረውና።

ወረቀቱ ትቶ ፊት ለፊት መነጋገርን የመረጠ አሠሪም ቢሆን ከስሕተት አልዳነም። የሥነ ልቡና ምሁሩ ዋልተር ዲል ስኮት እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ጥናት፣ ስድስት ሥራ አስኪያጆች ሠላሳ ስድስት የሽያጭ ሥራ አመልካቾችን አነጋግረው በደረጃ አስቀመጡ። ከነዚህ ውስጥ ሃያ ስምንቱ ከላይኛው እኩሌታ ወይስ ከታችኛው እንደሚመደቡ እንኳ መስማማት አልቻሉም። በአንዱ ዘንድ የተመረጠው በሌላው ዘንድ የተጣለ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ቀስ በቀስ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጋሪ ላታምና ባልደረቦቹ፣ ጥያቄዎቹ ከሥራው ጠባይ ተነሥተው አስቀድመው የሚዘጋጁበትን፣ ለሁሉም አመልካች በእኩል የሚቀርቡበትንና መልሶቹ በተወሰነ መለኪያ የሚታረሙበትን ዘዴ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡ ብዙ ጥናቶች፣ እንዲህ በሥርዓት የተካሄደ ቃለ መጠይቅ በዘፈቀደ ከሚደረግ ጭውውት ይልቅ የወደፊቱን የሥራ ውጤት በተሻለ እንደሚያመለክት አሳይተዋል።

ከዚህ ታሪክ ሥራ ፈላጊውም አሠሪውም ትምህርት ያገኛሉ። ሥራ ፈላጊው ሊሸመድድ የሚገባው የወንዞችን ስም አይደለም፤ የሥራ መደቡን መግለጫ በጥንቃቄ አንብቦ፣ ራሱ ከሠራቸው ሥራዎች ሦስት ወይም አራቱን ይምረጥ። ችግሩ ምን ነበር፣ የእርሱ ድርሻ የቱ ነው፣ ምን እርምጃ ወሰደ፣ ምን ውጤት ተገኘ የሚሉትን በቅደም ተከተል ያሰናዳ። የቡድኑን ሥራ የብቻው አድርጎ አያቅርብ፤ የማያውቀውን ሲጠየቅም አላውቅም ብሎ ከየት እንደሚያገኘው ቢያስረዳ ከግምት መልስ ይበልጥ ይታመናል።

መርማሪውም ከባድ ኀላፊነት አለበት። ጥያቄ ሳያዘጋጅ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ሳያውቀው የአንዱን እንጀራ ነጥቆ ለሌላው ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱንም ያስጎዳል። መሐንዲስ ዛሬ ተጠያቂ፣ ነገ ጠያቂ መሆኑ አይቀርምና፣ ለብረቱ የማይነፍገውን ትክክለኛ መለኪያ ለባልደረባው ሊነፍግ አይገባውም።