ከፊት 15፣ ከኋላ 26

መኪና ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚከሰሰው ሾፌሩ ነው። «ከፍጥነት ወሰን በላይ ሲያሽከረክር» ተብሎ ይጻፍና ነገሩ በዚያው ያልቃል። አሜሪካም አንድ ሰሞን እንዲሁ ነበረች። ይህን ልማድ ካናጉት አንዷ ሼቭሮሌት ኮርቬር ናት። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ጄኔራል ሞተርስ በ1959 ኮርቬርን ሲያወጣ ሞተሯን ከኋላ አስቀመጠው። ከክብደቷ 60 በመቶ በላይ የኋላ ጎማዎች ላይ አረፈ። የኋላ አክስሎቿ ደግሞ የሚታጠፉት ከዲፈረንሻሉ ዘንድ ብቻ ነበር። ኩርባ በኃይል ስትይዝ ኋላዋ ብድግ ይላል፣ የውጭው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መሬት መያዙን ይተዋል። ከዚያ ከባዱ ጅራት ይወረወራል፤ ለተራ ሾፌር በመሪ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ይህን የሚያለዝብ፣ ከፊት የሚገጠም አንድ የብረት ዘንግ ነበር፤ ዛሬ ስታብላይዘር የምንለው። ያለ እሱ ለገበያ ቀረበች። በምትኩ ሥራው ለጎማ ንፋስ ተሰጠ፦ ከፊት 15፣ ከኋላ 26 ፒ ኤስ አይ። ፊቷ ለስለስ ካለ ከኋላዋ ቀድሞ መንሸራተት ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ለሾፌር የሚሻል አደጋ ነው። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ግን አንድ ቀን ጎሚስታ ቤት የቆመ ሰው ይፍረድ፦ አራቱንም እኩል የማይሞላ ስንቱ ነው? የሰው ሕይወት በመመሪያ ደብተር ውስጥ ባለች አንዲት መስመር ላይ ተንጠለጠለ።

በ1965 መጨረሻ ራልፍ ኔደር የተባለ ወጣት ጠበቃ ስለ መኪና አደጋ መጽሐፍ አሳተመ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የኮርቬር ነበር። ኩባንያው የግል መርማሪ ቀጥሮ የሰውየውን ገመና አስፈለገ። ነገሩ ሲጋለጥ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮች በመጋቢት 1966 ሴኔት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። የተሽከርካሪ ደህንነት ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ።

የሚገርመው፣ ዘንጉ በ1964 ሞዴል ላይ ተገጥሞ ነበር፤ የ1965ቷ ደግሞ የኋላ አክስሏ ጭራሽ ተለውጧል። መጽሐፉ የደረሰው ከጥገናው በኋላ ነው። በ1972 የመንግሥት ምርመራ የ1960–63ቷን ኮርቬር ከዘመኗ መኪኖች ጋር አወዳድሮ አትብስም አለ። ወዳጆቿ እስከ ዛሬ ይህን ወረቀት ያነሳሉ። እኔን ግን አያሳምነኝም። «ከሌሎቹ አትብስም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ፋብሪካው መግጠም የሚችለውን ዘንግ ትቶ ኃላፊነቱን ንፋስ ለሚሞላው ልጅ ለምን አስተላለፈ የሚለው ሌላ ነው፤ እሱን ሪፖርቱ አልመለሰም።