ከማይክሮስኮፕ ወደ ሰው ዓይን

አለርት ሆስፒታል ጎን ያለው፣ በ1970 (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስሙን ከማን እንዳገኘ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ኖርዌያዊው ሐንሰን በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አየ። ነገር ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማራባት ስላልቻለ ተላላፊነቱን ማሳየት አቃተው። ስለዚህ ወደ ሰው ዞረ። በ1879 በርገን ሆስፒታል፣ ቀለል ያለው ዓይነት የያዛትን አንዲት ታማሚ፣ ከሌላ ታማሚ እባጭ በተወሰደ ነገር ዓይኗን ወጋት። ፈቃዷን አልጠየቀም። ዛሬ ከቤተ ሙከራ ወደ ክሊኒካል ምርምር የተሻገሩ ጓደኞቻችን «የፈቃድ ቅጽ ሰለቸን» ይሉናል፤ እሷ ያንን ቅጽ አላየችም!

ዝም ግን አላለችም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐንሰን በ1880 ጥፋተኛ ተባለ፣ የሆስፒታል ሥራውን አጣ። የሚገርመው፣ የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱን ማንም አልነካበትም።