የሃሎዊን የተሳቢ ቤት ካምፕ

የሃሎዊን የተሳቢ ቤት ካምፕ በሰሜን አሜሪካ፣ በተለይም በአሜሪካ፣ የተሳቢ ቤት ባለቤቶች ከዓርብ እስከ እሑድ በአንድ የካምፕ ሥፍራ ተሰብስበው የሃሎዊንን በዓል የሚያከብሩበት ልማድ ነው። ተሳቢ ቤት (ትራቭል ትሬለር) ማለት በመኪና እየተጎተተ የሚሄድ፣ በውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ብዙውን ጊዜ መጸዳጃ ያለው ባለ ጎማ ቤት ነው። በእንግሊዝ አገር ካራቫን ይባላል።

ስብሰባው ሁለት ጉዳዮችን ያጣምራል። አንደኛው ልጆች በየበሩ እየዞሩ ከረሜላ የሚሰበስቡበት በዓል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቅዝቃዜ በሚበረታባቸው ግዛቶች ተሳቢ ቤቱ ለክረምት ከመቆሙ በፊት የሚደረግ የዓመቱ የመጨረሻ ጉዞ ነው።

ጊዜው

ሃሎዊን የሚውለው ኦክቶበር 31 ቀን ነው። ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 12 በሚገባባቸው ዓመታት ደግሞ ጥቅምት 20 ይሆናል። በዓሉ በማንኛውም የሣምንቱ ቀን ሊውል ስለሚችል ካምፖች ስብሰባውን በአቅራቢያው ወዳለው ቅዳሜና እሑድ ያዛውሩታል። ብዙ እንግዳ ያላቸው ሥፍራዎች በኦክቶበር ውስጥ በተከታታይ ሣምንታት ይደግሙታል። በዚህም ምክንያት አንድ ቤተሰብ በካምፑ ካከበረ በኋላ በዋናው ቀን በሠፈሩ ደግሞ ሊያከብር ይችላል።

ታሪክ

የሃሎዊን ስም የመጣው ኖቬምበር 1 ቀን ከሚከበረው የምዕራብ ክርስቲያኖች የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ብዙዎቹ ልማዶቹ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ጋር የተያያዙ ሲሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከስደተኞች ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በአየርላንድ ከሥራ ሥር አትክልት ይቀረጽ የነበረው ፋኖስ በአሜሪካ በቀላሉ በሚገኘውና ለመቅረጽ በሚመቸው ዱባ ተተካ።

የተሳቢ ቤት ባለቤቶች የጋራ ጉዞና ስብሰባ ታሪክ ከዋሊ ባያም (1896–1962 እ.ኤ.አ.) ስም ጋር በቅርብ ይያያዛል። ባያም እ.ኤ.አ. በ1931 ኤርስትሪም የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ በሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ተሳቢ ቤቶቹ ይታወቃል። ባያም ከ1951 ጀምሮ ባለቤቶቹን በቡድን እየመራ ወደ ሜክሲኮና ወደ ሌሎች አገሮች ይጓዝ ነበር። በ1955 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ኬንትቪል ከተማ ላይ ተጓዦቹ በስሙ የሚጠራ ክለብ አቋቋሙ። የክለቡ አባላት በቤታቸው ላይ ቀይ የአባልነት ቁጥር ይለጥፋሉ።

ከባያም ጉዞዎች ሁሉ ዝነኛው ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ የተደረገው የ1959–60 ጉዞ ነው። 41 ተሳቢ ቤቶች አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲያቋርጡ በኢትዮጵያ በኩል አልፈዋል። በአዲስ አበባም ተጓዦቹ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል።

የካምፕ ሥፍራዎችም በዚያው ዘመን ተስፋፉ። ኬ.ኦ.ኤ. በሞንታና ግዛት ቢሊንግስ ከተማ በ1962 ተመሠረተ። በዮጊ ድብ የካርቱን ፊልም ስም የሚጠራው የጄሊስቶን ፓርክ የመጀመሪያ ካምፕ ደግሞ በ1969 በዊስኮንሲን ግዛት ስተርጀን ቤይ ተከፈተ። የሃሎዊን ቅዳሜና እሑድ በዛሬው ጊዜ በብዙ የጄሊስቶን ካምፖች ከሚዘጋጁት ዋና ዋና ዝግጅቶች አንዱ ነው።

አከባበሩ

እንግዶች አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በተመደበለት ቦታ ተሳቢውን ያቆማል፤ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ቤቱ እንዳያዘነብል ያስተካክላል፤ ከዚያም ከመብራትና ከውኃ መስመር ጋር ያገናኛል። ከዚህ በኋላ ማስጌጥ ይጀመራል። የሸረሪት ድር፣ የፕላስቲክ አጽም፣ ብርቱካናማ አምፖሎችና በአየር የሚነፉ ትልልቅ ምስሎች የተለመዱ ናቸው። ብዙ ካምፖች በጌጥ ላሸነፈ ቤተሰብ ሽልማት ይሰጣሉ።

ቅዳሜ ዋናው ቀን ነው። ጠዋት ዱባ ይቀረጻል፤ ከሰዓት በኋላ የማስመሰያ ልብስ ውድድርና በእርሻ ትራክተር የሚጎተት የጭድ ጋሪ ሽርሽር ይኖራል። በክለቦች ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሠራውን ምግብ ይዞ መጥቶ በጋራ መመገብም የተለመደ ነው። ወደ ማታ ልጆቹ ከተሳቢ ቤት ወደ ተሳቢ ቤት እየሄዱ ከረሜላ ይሰበስባሉ። በመጨረሻም ሰዎች እሳት ዙሪያ ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ ካምፖች ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጸጥታ እንዲጠበቅ ያዝዛሉ።

የከረሜላው ዙር በካምፕ ውስጥ የሚመቸው በአቀማመጡ ምክንያት ነው። ልማዱ ተቀራራቢ በሮችንና ደጃፍ ላይ የሚጠብቅ ጎረቤትን ይፈልጋል። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ገጠር ወይም የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሠፈር ይህን ማግኘት ያስቸግራል። በካምፕ ውስጥ ግን በሮቹ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቹም ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በመሆኑም የማይተዋወቁ ሰዎች ለሁለት ሌሊት የአንድ ሠፈር ጎረቤቶች ይሆናሉ።

የመብራት አቅም

በካምፖች የተለመዱት የመብራት መስመሮች ሁለት ናቸው። ባለ 30 አምፔር መስመር በ120 ቮልት እስከ 3,600 ዋት ይሰጣል። ባለ 50 አምፔር መስመር ሁለት የ120 ቮልት ክፍሎች ስላሉት እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል። አንድ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት ያህል ስለሚወስድ ሁለት ማሞቂያዎች ባለ 30 አምፔሩን መስመር ሊሞሉት ይቃረባሉ። በዚያ ላይ ጌጥና የምግብ ማብሰያ ሲጨመር ብሬከሩ ኃይሉን ይቆርጣል። ኤልኢዲ አምፖሎች ጥቂት ኃይል ስለሚጠቀሙ ለጌጥ ይመረጣሉ።

ደህንነት

የሃሎዊን ምሽት ለእግረኞች አደገኛ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ከ1975 እስከ 2016 የነበረውን መረጃ መርምሮ፣ በዚያ ምሽት እግረኞች በመኪና ተገጭተው የመሞት ዕድላቸው ከአንድ ሣምንት በፊትና በኋላ ካሉት ምሽቶች ጋር ሲነጻጸር 43 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ ካምፖች በከረሜላው ዙር ሰዓት የውስጥ መንገዶችን ለመኪና ሊዘጉ ይችላሉ። ልጆችም ባትሪ እንዲይዙና ብርሃን የሚመልስ ነገር እንዲለብሱ ይመከራል።

ሁለተኛው አደጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ ጋዝ ከከሰል፣ ከፕሮፔንና ከጀነሬተር ይወጣል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በሮችና መስኮቶች ስለሚዘጉ ጠባቡ ቤት በፍጥነት ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም፤ የምግብ ምድጃ ለቤት ማሞቂያነት አይውልም፤ ጀነሬተርም ከመስኮት ርቆ ይቀመጣል። የጋዙ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከጉዞው በፊት መፈተሽ አለበት።

ከስብሰባው በኋላ

እሑድ ቀን ጌጡ ይወርዳል፤ ፍሳሹም በተመደበለት ቦታ ይደፋል። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በቧንቧ ውስጥ የቀረ ውኃ ቧንቧውንና ፓምፑን ሊሰነጥቅ ይችላል። በመሆኑም ባለቤቶቹ ከማጠራቀሚያውና ከቧንቧው ውኃውን አስወጥተው፣ በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራ ሮዝ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ይሞሉበታል። በመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኤቲሊን ግላይኮል መርዛማ ስለሆነ ለመጠጥ ውኃ መስመር ፈጽሞ አይውልም።

ክረምቱ በማይበረታባቸው እንደ ፍሎሪዳና ደቡባዊ ቴክሳስ ባሉ አካባቢዎች ይህ ሥራ ብዙም አያስፈልግም። እንዲያውም በዚያ ሃሎዊን ከሰሜን ቅዝቃዜ ሸሽተው የሚመጡ ተጓዦች መድረሻ ወቅት ነው።